ሞኒካ አቦት፦ ከቴነሲ ሜዳ እስከ ቶዮታ ቡድን

ደሴ ላይ የስፖርት ወሬ ሲነሣ ከእግር ኳስ ይጀምርና በሩጫ ያልቃል፤ መሐል ላይ መረብ ኳስን ያነሣ ሰው ካለ መምህር መሆኑ ይጠረጠራል። እኔም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝና ከዚህ ጥርጣሬ አላመልጥም። ዛሬ ግን ከሁሉም ራቅ ብዬ፣ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ሜዳ ቢፈለግ ኳሱ እንኳ ስለማይገኝለት ስለ ሶፍትቦል፣ በተለይም ሞኒካ አቦት ስለምትባል አሜሪካዊት ወርዋሪ መጻፍ ፈልጌአለሁ። የመረጥኳት ሪከርዶቿ ስለበዙ ብቻ አይደለም። ክንዷ ለዓመታት በከፍተኛ ብቃት ላይ ሳለ ደመወዝ ከፋዩ፣ ሜዳውና ተመልካቹ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠባት ስመለከት፣ የአንዲት ሴት ስፖርተኛ ኑሮ ከችሎታዋ ውጭ በምን በምን እንደሚወሰን ከእርሷ ታሪክ በተሻለ የሚያሳየኝ ስላላገኘሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያስነሣችው የእህቴ ልጅ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ለትምህርት ቤቷ በግብ ጠባቂነት ትጫወታለች፤ ኳስ በእጇ ስትወረውር ከሜዳው አጋማሽ ታሳልፋለች። አንድ ቀን ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኳሱ በዚያው ሊቀር ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አይቀርም» አልኳት፤ እናቷ ግን ቀበል አድርጋ፣ «አንቺ ብቻ ፈተናውን እለፊ፤ ኳሱ የትም አይሄድብሽ» አለቻት። ሁለታችንም የተናገርነው እርሷን ለማጽናናት እንጂ የምናውቀውን መንገድ ለማሳየት አልነበረም። በእኛ አገር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው፤ ክለብ የሚያስገባው ደግሞ ሌላ በር ነው፤ ሁለቱ በሮች የሚገናኙበት የተለመደ ኮሪደር የለም። ሞኒካ አቦት ያደገችበት ሥርዓት በዚህ ረገድ የእኛ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ትልቁ ሜዳ፣ ትልቁ ተመልካችና የቴሌቪዥን ካሜራው ያሉት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን፣ ጨዋታው የሚጠብበት ተመርቀው ከወጡ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሶፍትቦል ከቤዝቦል የወጣ ጨዋታ ሲሆን በ1887 ቺካጎ ውስጥ በአዳራሽ ተጀመረ። ሜዳው ከቤዝቦል ሜዳ ያንሳል፤ ኳሱ ግን ይበልጣል፤ ዙሪያው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከ180 እስከ 200 ግራም ያህል ይመዝናል። አንዱ ቡድን ሲያጠቃ ሌላው ይከላከላል፤ የተከላካዩ ወርዋሪ ኳሱን ትወረውራለች፣ የአጥቂው መቺ ደግሞ ኳሱን በዱላ መትታ ቤዝ በሚባሉት ማረፊያዎች ዞራ ስትመለስ ነጥብ ይቆጠራል፤ ሦስት መቺዎች ሲወጡበት ተራው ለሌላው ይለቀቃል፤ ጨዋታው በዚህ ሁኔታ 7 ዙር ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት ወርዋሪ ጨዋታውን ብቻዋን ልትጨርስ ብትፈልግ 21 ጊዜ መቺ ማስወጣት አለባት። መቺዋ ሦስት ስትራይክ (ስታ ወይም ሳትመታ ያሳለፈችው ትክክለኛ ውርወራ) ተቆጥሮባት ኳሱን ሳትነካ ከወጣች ሙሉ ምስጋናው የወርዋሪዋ ነው፤ ከኋላዋ የቆሙት የሜዳ ተጫዋቾች እጃቸውን አላነሡምና።

ወርዋሪዋ የምትቆመው ከመቺዋ 13.1 ሜትር ርቃ ነው። በቤዝቦል ርቀቱ 18.4 ሜትር ነው። አወራወሩም ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ክንዷን ከጭኗ አጠገብ አንሥታ በፊቷ ወደ ላይ፣ ከዚያም በኋላዋ ወደ ታች ሙሉ ክብ አዙራ ኳሱን ከዳሌዋ አጠገብ ትለቃለች። በቆቦ ወይም በቃሉ ቆላ ማሽላ እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ያባረረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወንጭፍ ጉልበቱን የሚሰበስበው በመዞሩ ነው፤ ድንጋዩ ወደ ወፉ ይሂድ ወይም ወደ ጎረቤት ማሳ የሚወስነው ግን የገመዱ አንድ ጫፍ የሚለቀቅባት ቅጽበት ናት። የሶፍትቦል ወርዋሪ ወንጭፏ የራሷ ክንድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ደግሞ አቅጣጫውን ብቻ ሳይሆን የኳሱን ሽክርክሪት ጭምር በጣቶቿና በእጅ አንጓዋ ትወስናለች።

ሽክርክሪቱ ነው ጨዋታውን የሚያጣፍጠው። ኳሱ ወደ ፊት እየተንከባለለ ሲሄድ ከሚጠበቀው በላይ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ሲሄድ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚደግፈው ከሚጠበቀው ያነሰ ይወርዳል፤ ለመቺዋ ዓይን ግን ሽቅብ የተነሣ ይመስላታል፤ ዱላዋንም ከኳሱ በታች ታወናጭፋለች። በዚህ ላይ ክንዱ በዚያው ፍጥነት ዞሮ ኳሱ ብቻ የሚዘገይበት ውርወራ አለ፤ ይኼኛው ከሁሉ ይልቅ ያናድዳል፣ መቺዋ ኳሱ ሳይደርስ መትታ ትጨርሳለችና።

አቦት በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ክሩዝ ተወልዳ በሳሊናስ አደገች። ሳሊናስ በሰላጣና በአትክልት እርሻ የታወቀ ሸለቆ ነው። ቁመቷ 1.91 ሜትር ነው፤ ግራኝም ናት። ይህ ሁለቱ ሲደመር ምን ማለት እንደሆነ አሰልጣኝ የሆነ ሰው ይገባዋል፤ ረጅም ክንድ ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ኳሱም ከእጇ ሲወጣ ወደ መቺዋ ይበልጥ ቀርቦ ነው፤ ግራኝነቷ ደግሞ ኳሱ አብዛኞቹ መቺዎች ካልለመዱት ማዕዘን እንዲመጣ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ረጅም ልጅ ሁሉ አቦት አይሆንም። ረጅም ሰውነትን በአንድ ቅጽበት ላይ ማቀናጀት ከአጭር ሰውነት ይልቅ ይከብዳል፤ ይህን በየዓመቱ በገዛ ተማሪዎቼ አያለሁ።

በ2004 ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የዩኒቨርሲቲው የሶፍትቦል ቡድን ከተመሠረተ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ያቋቋሙት በ1996 ነው። ቡድኑን የሚመሩት ራልፍ ዊክሊና ካረን ዊክሊ የሚባሉ ባልና ሚስት አሰልጣኞች ነበሩ። እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ካልተነገረ ታሪኩ አይገባም። በ1972 አሜሪካ አንድ ሕግ አወጣች፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የትምህርት ተቋም ተማሪን በጾታ ምክንያት ከየትኛውም መርሐ ግብር እንዳያገልል አዘዘ። ሕጉ ስለ ስፖርት በስሙ የተጻፈ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ከምንም በላይ የታየው ሜዳ ላይ ነው። ለወንዶች ቡድን ሰፊ በጀት የሚመድቡ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶችም ቡድን መክፈት፣ አሰልጣኝ መቅጠርና ስኮላርሺፕ መስጠት ግድ ሆነባቸው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር በ1982 የሴቶች ሶፍትቦል ሻምፒዮናን ጀመረ። አንድ ቡድን የሚፈቀድለት የስኮላርሺፕ መጠን በአቦት ዘመን 12 ነበር፤ አሰልጣኞቹም እነዚያን 12 እየከፋፈሉ ለበለጡ ተጫዋቾች ያዳርሷቸዋል። በተግባር፣ ክንዷ ጠንካራ የሆነች ልጅ የትምህርት ወጪዋን በክንዷ ልትሸፍን ትችላለች ማለት ነው።

አቦት በቴነሲ በቆየችባቸው አራት ዓመታት ያስመዘገበችው ውጤት እስካሁን የዩኒቨርሲቲ ሶፍትቦል ከፍተኛ ሪከርድ ነው፤ 189 ጨዋታዎችን በወርዋሪነት አሸነፈች፣ 2,440 መቺዎችን በስትራይክ አስወጣች፣ በ112 ጨዋታዎች ተጋጣሚዋ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ጨረሰ። በአራቱም ዓመታት በእያንዳንዱ ከ500 በላይ መቺዎችን በስትራይክ አስወጥታለች። በመጨረሻው ዓመት በ2007 ብቻ 50 ጨዋታ አሸንፋ 5 ተሸነፈች፤ በስትራይክ ያስወጣቻቸው መቺዎችም 724 ደረሱ። ቁጥር ሲበዛ ትርጉሙ ይደበዝዛልና በሌላ መንገድ ላስቀምጠው፦ አንድ ሙሉ ጨዋታ 21 መቺ ማስወጣት ከሆነ፣ የዚያ ዓመት 724 መቺዎች ማንም የሜዳ ተጫዋች ሳይነቃነቅ የተጠናቀቁ ከ34 በላይ ሙሉ ጨዋታዎች ማለት ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋንጫውን አላገኘችም። የ2007 የፍጻሜ ውድድር በኦክላሆማ ሲቲ ሲካሄድ ቴነሲ ከአሪዞና ጋር ተገናኘ፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል። የመጀመሪያውን ቴነሲ 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛው ያለ ነጥብ እስከ አሥረኛው ዙር ተጉዞ አሪዞና 1 ለ 0 ወሰደው። ሦስተኛውን አሪዞና 5 ለ 0 አሸነፈና ነገሩ አለቀ። የአሪዞናዋ ወርዋሪ ታሪን ሞዋት በቁመት ከአቦት እጅግ የምታንስ፣ በፍጥነትም የማትደርስባት ልጅ ነበረች፤ በዚያ ውድድር ግን የቡድኗን ጨዋታዎች ሁሉ በራሷ ክንድ ይዛ 1,035 ኳስ ወረወረች። እኔ ስለ አቦት እየጻፍኩ ለሞዋት ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ማለፍ አልችልም፤ የ2007 ፍጻሜ የማን ነው ቢሉኝ የእርሷ ነው እላለሁ።

ስለዚህ ቁጥር አንድ ነገር ካልተናገርኩ ሙያዬን የዘነጋሁ ይመስለኛል። ክንድን ከታች ወደ ላይ አዙሮ መወርወር የተፈጥሮ እንቅስቃሴ ስለሆነ አይጎዳም የሚል እምነት በሶፍትቦል ዓለም ለረጅም ጊዜ ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት በቤዝቦል ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ከአንድ ጨዋታ በኋላ አራትና አምስት ቀን ሲያርፍ፣ የሶፍትቦል ወርዋሪ በተከታታይ ቀናት፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ትሰለፋለች። ክንዱ በሚዞርበት ጊዜ ትከሻና የክንድ ፊተኛው ጡንቻ የሚሸከሙት ጭነት ግን ቀላል አይደለም፤ የትከሻና የክንድ ሕመምም በወርዋሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ተመልካች በጀግንነት የሚያወሳውን 1,035 ኳስ እንደ አሰልጣኝ ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ፣ «ከጎኗ ሁለተኛ ወርዋሪ ያላሠለጠነው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ግን የአንድ አሰልጣኝ ወይም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አይደለም፤ የጨዋታው ልማድ ራሱ በአንዲት ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የባለሙያነት ዘመን ነው፤ ታሪኩም በእኔ ግምት ይበልጥ የሚጥመው ከዚህ ጀምሮ ነው። አቦት በዩኒቨርሲቲ ሳለች በስፖርቷ ገንዘብ እንዳታገኝ ደንቡ ይከለክል ነበር፤ ከስኮላርሺፕ በቀር ማስታወቂያም ሆነ ሽልማት መቀበል አይቻልም። ገንዘብ መቀበል በተፈቀደላት ጊዜ ደግሞ የሚከፍላት ሜዳ ጠባብ ሆኖ ጠበቃት። በአሜሪካ የነበረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ጥቂት ቡድኖች ብቻ ያሉት፣ በበጋ ወራት ብቻ የሚካሄድና ቡድኖቹ ዛሬ ተመሥርተው ነገ የሚፈርሱበት ሊግ ነበር። በ2007 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ አንደኛ አድርጎ የወሰዳት ዋሽንግተን ግሎሪ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ2008 የውድድር ዘመን በኋላ ግን ቡድኑ አልቀጠለም። ሻምፒዮን መሆን ለአንድ ቡድን የሁለት ዓመት ዕድሜ እንኳ ዋስትና ያልሆነበት ሊግ ነው እንግዲህ።

በዚሁ ሊግ ለቺካጎ ባንዲትስ በምትጫወትበት ጊዜ፣ ሰኔ 16 ቀን 2012፣ የወረወረችው ኳስ በሰዓት 77 ማይል ወይም 124 ኪሎ ሜትር ያህል ተመዝግቦ በጊነስ የሪከርዶች መዝገብ የሴቶች ፈጣኑ የሶፍትቦል ውርወራ ሆነ። ይህ ፍጥነት ከመኪና ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ብዙም የሚያስደንቅ አይመስልም፤ ርቀቱ 13.1 ሜትር መሆኑ ሲታሰብ ግን ኳሱ መቺዋ ጋ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ከሰከንድ አራት አሥረኛ ያነሰ ነው። በቤዝቦል ርቀት ላይ ለመቺ ያንኑ ያህል ጊዜ ብቻ ለመተው በሰዓት ወደ 174 ኪሎ ሜትር መወርወር ይጠይቃል፤ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ከተመዘገቡት ፈጣኑ የወንዶች ውርወራ እንኳ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የተነሣ መቺዎች ኳሱን አይተው ሳይሆን ከወርዋሪዋ ዳሌና ከእጅ አንጓዋ ገምተው ነው የሚመቱት።

ኑሮዋን ያቆመላት ግን አሜሪካ አልነበረም። ከ2009 ጀምሮ ወደ ጃፓን ተሻግራ በቶዮታ ኩባንያ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫወተች፤ ቡድኗም ደጋግሞ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። የጃፓን የሶፍትቦል ሊግ ከ1968 ጀምሮ የኖረ ሲሆን ቡድኖቹ የኩባንያዎች ናቸው፤ ከመኪና አምራቾች ሌላ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎችና ትልልቅ ሱቆችም ቡድን አላቸው። ተጫዋቿ የኩባንያው ሠራተኛ ወይም ቅጥረኛ ሆና ደመወዝ ትቀበላለች፣ ማደሪያ ይሰጣታል፣ ሕክምና አላት፤ ቡድኑ የሚኖረው በትኬት ገቢ ሳይሆን ኩባንያው ቡድን መያዝን እንደ ክብሩ ስለሚቆጥር ነው። ጨዋታው በጸደይና በመኸር ተከፍሎ ስለሚካሄድ አቦት በመካከል ያለውን በጋ ወደ አሜሪካ ተመልሳ ትጫወት ነበር።

አንድ አሜሪካዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ የመኪና ፋብሪካ ከሶፍትቦል ጋር ምን አገናኘው ብሎ ይገረም ይሆናል። ለእኛ ግን ምንም አዲስ ነገር የለውም። ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፣ መቻል እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ባንክ ብድር እየሰጠ ግብ ጠባቂ መቅጠሩ፣ ጦር ሠራዊት ሯጮችን በደመወዝ መያዙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የተለመደ ነው። የሴቶች እግር ኳሳችንም እስካሁን የተሸከሙት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ተቋማት ናቸው። ስለዚህ በዘመኗ የዓለም ፈጣኗ የነበረችው ወርዋሪ የተረጋጋ እንጀራ ያገኘችው የገበያው ንጉሥ በሆነችው አሜሪካ ሳይሆን እኛ በምናውቀው ዓይነት ሥርዓት ውስጥ መሆኑን ሳነብ፣ አገር ውስጥ ስለ ክለቦቻችን የማነበውን ትችት ቆም ብዬ እንዳስብበት አድርጎኛል። የተቋም ክለብ በተመልካች አይኖርም፣ ስለዚህም ለተመልካች አይጨነቅም የሚለው ትችት እውነት አለው። በሌላ በኩል ደግሞ የተመልካች ብዛት ብቻ የሚያኖረው ሊግ በሴቶች ስፖርት ላይ ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆን ከዋሽንግተን ግሎሪ አይተናል። በወሎ ያሉት ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚንጠለጠሉ በመሆናቸው ከሁለቱም ወገን ችግሩን ይካፈላሉ፤ በጀቱ የሚወሰነው በሌሎች አጣዳፊ ጉዳዮች መካከል ነው፣ በሩ ላይ የሚገኘውም ገቢ ትንሽ ነው።

ብሔራዊ ቡድኑ ሌላ መድረክ ነበር፣ በእርግጥም ደግሞ ሌላ ሐዘን። ሶፍትቦል በኦሊምፒክ የተጀመረው በ1996 አትላንታ ሲሆን አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወርቆች ወሰደች። በ2005 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ጨዋታውን ከ2012 ጀምሮ ለማስወጣት ስለወሰነ፣ የ2008 የቤጂንግ ውድድር የስንብት ይመስል ነበር። አቦት በቤጂንግ ኔዘርላንድስን ስትገጥም አንዲት መቺ እንኳ የመጀመሪያውን ቤዝ ሳትረግጥባት ጨረሰች፤ በኦሊምፒክ ሶፍትቦል እንዲህ ያለ ጨዋታ ከዚያ በፊት አልታየም። አሜሪካ 22 የኦሊምፒክ ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፋ ወደ ፍጻሜው ደረሰች፤ በዚያ ግን የጃፓኗ ወርዋሪ ዩኪኮ ዌኖ ቆማ ጠበቀቻት። ዌኖ ከፍጻሜው በፊት በነበረው ቀን በአሜሪካ ላይ 9 ዙር፣ በአውስትራሊያ ላይ 12 ዙር ወርውራ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ፍጻሜውን 7 ዙር ይዛ ጃፓን 3 ለ 1 አሸነፈች። በሁለት ቀናት 413 ኳስ መሆኑ ነው። ከላይ ስለ ክንድ ጭነት የተናገርኩትን አልሽርም፤ ቢሆንም ያንን ጨዋታ በቪዲዮ ስመለከት ከመንበሬ ተነሥቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ለንደንም ሪዮም ያለ ሶፍትቦል አለፉ። በወርዋሪነት ዕድሜ ከ23 እስከ 35 ያለው ጊዜ የሙሉ ኃይል ዘመን ነው፤ የአቦት ይህ ዘመን ሁሉ ያለ ኦሊምፒክ አለፈ። ጨዋታው ለቶኪዮ ተመልሶ ሲመጣም በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት ዘገየ። በ2021 በ35 ዓመቷ ወደ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሄደች፤ ካናዳን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ አንድ ምት ብቻ ነበር የፈቀደችው። በምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ አሜሪካ ጃፓንን 2 ለ 1 አሸነፈች። በማግስቱ በፍጻሜው ግን ጃፓን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በስድስተኛው ዙር አሜሪካዊቷ መቺ አክርራ የመታችው ኳስ የጃፓን ተከላካይ እጅ ላይ ነጥሮ መሬት ሳይነካ ሌላዋ ተከላካይ ቀለበችውና ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ወጡ። ወርቁን ያነሣችው ቡድን ውስጥ በ39 ዓመቷ ዌኖ ነበረች። አቦት ሁለት የኦሊምፒክ ብር አላት፤ ሁለቱም ጊዜ በአንዲት ሴት ተቀድማ።

ስለ ገንዘቡ ልመለስ። በ2016 ስክራፕ ያርድ ዶግስ የሚባል የቴክሳስ ቡድን ከአቦት ጋር የስድስት ዓመት፣ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ውል ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ጋዜጦችም በትልቁ ዘገቡት። ውሉን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ሌላ ነገር ይታያል። በሊጉ ደንብ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ጠቅላላ ደመወዝ 150,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ የአቦት መነሻ ደመወዝ በዓመት 20,000 ዶላር ያህል ሆኖ፣ የቀረው በሜዳው ከሚገኘው ተመልካች ቁጥር ጋር በተያያዘ ጉርሻ መልክ እንዲከፈል ተደረገ። ቡድኑ በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ከሊጉ ወጣ። ሊጉ ራሱ በ2021 ተበተነ። የስድስት ዓመት ውል ከፈረመበት ሊግ ይልቅ ዕድሜ ያለው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በዚያው በ2021 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ናይጃሪ ካናዲ የምትባል ወርዋሪ ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ለአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝላት ስምምነት ተዘገበ። አቦት በሠላሳ ዓመቷ፣ የዓለም ሪከርድ በእጇ ይዛ፣ በስድስት ዓመት የተስማማችበትን ገንዘብ አንዲት ተማሪ በአንድ ዓመት አገኘች ማለት ነው። ካናዲ አዲሱን ቡድኗን በ2025 እስከ ፍጻሜ አድርሳ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሸንፋለች። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ተማሪ በገንዘብ ሲገዛ ትምህርት ይሞታል ይላሉ። እኔ የአቦትን አራት ዓመታት ካነበብኩ በኋላ ለዚህ ክርክር ብዙም ልብ የለኝም፤ የቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ አሰልጣኙም፣ ዩኒቨርሲቲውም ከጨዋታው ሲጠቀሙ ኳሱን የወረወረችው ልጅ ብቻ ንጽሕናዋን እንድትጠብቅ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ2025 አሜሪካ ውስጥ አዲስ የሴቶች ሊግ በአራት ቡድን ተጀመረ፤ የወንዶቹ ትልቅ የቤዝቦል ሊግም ገንዘብ አፍስሶበታል። ይዘልቃል አይዘልቅም ለመናገር ጊዜው ገና ነው፤ ካለፉት ሊጎች የሚለየው ግን ከኋላው የቆመ ባለ ገንዘብ መኖሩ ነው፤ ይኸውም በሌላ መልኩ ቶዮታ ለአቦት ሲያደርግላት የኖረው ነገር ነው።

ለእህቴ ልጅ ከዚህ ሁሉ የነገርኳት ጥቂቱን ነው። የአገሯ ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ጊዜ እንዳለ፣ ውድድሩ ግን በየዓመቱ የሚጠበቅና ስኮላርሺፕ የሚያስገኝ እንዳልሆነ አልደበቅኳትም። ክለብ የሚፈልጋት ከሆነ ውሉ ላይ የደመወዙን መጠን ብቻ ሳይሆን ከፋዩ ማን እንደሆነና በጀቱ ከየት እንደሚመጣ እንድትጠይቅ፣ ከተጎዳች ማን እንደሚያሳክማት በጽሑፍ እንድታስገባ መክሬአታለሁ። እናቷ ይህን ስትሰማ፣ «ለግብ ጠባቂ ይህ ሁሉ ጥያቄ?» አለች። ልጅቷ ግን የአቦትን ቪዲዮ ደጋግማ ስታይ ከቆየች በኋላ ስለ ውሉ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ኳሱ ከእጅ ሲለቀቅ ዳሌዋ ለምን እንደሚዘጋ ጠየቀችኝ፤ ያንን ለማስረዳት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ።

ሶፍትቦል ከፓሪስ ቀርቶ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ይመለሳል። ጨዋታዎቹ የሚካሄዱት ግን በሎስ አንጀለስ ሳይሆን፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ፍጻሜ በየዓመቱ በሚደረግበት በኦክላሆማ ሲቲ ነው። በዚያ ወቅት በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ስምንት ስለሆነ፣ በእነርሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ ደሴ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይውላል። አብሮኝ የሚነቃ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይንገረኝ፤ ጀበናውን እኔ አዘጋጃለሁ።